ለሙያ እንጂ ለልጄ አይደለም

ባለቁልፏ የአባቷን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የቃል ኪዳን ቀለበቷን ማውለቅ ነበር። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ዕቃ ሳነሳና ስጥል ይጫርብኛል።» እጮኛዋ ይህን ሰምቶ ስቆ አልፏል። አባቷ ግን አንድም ቀን አልሳቁም።

ባለቁልፏ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ የመጋዘኑም፣ የመሳቢያውም፣ የፖስታ ሣጥኑም ቁልፍ የሚንጠለጠለው በእሷ ወገብ ላይ ነው። አባቷም «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ካልከፈተችልኝ ግን አልገባም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ሠርጓ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የነጋዴዎቹን ኮሚቴ ወረቀት ማሰናዳት ነበረባት። የከተማው ነጋዴዎች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሙያ መማር ለሚፈልጉ ልጆች የሚሰጡት ድጋፍ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት አባቷ ናቸው። «ቧንቧ የሚጠግን ሰው ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ የምናስመጣው እስከ መቼ ነው? የኛ ልጆች እጅ የላቸውም?» ብለው ባለ ዳቦ ቤቱን፣ ባለ ወፍጮውንና የሆቴሏን ባለቤት አስተባበሩ። ኮሚቴው የሥልጠናውንም የማደሪያውንም ወጪ ይችላል፤ ልጆቹ ተመርቀው ሲመለሱ ደግሞ መሣሪያ ገዝቶ ያስጀምራቸዋል። ሰብሳቢው አባቷ፣ ጸሐፊዋ እሷ ናት።

አዲሶቹን አመልካቾች ለመመዝገብ ያለፈው ዓመት ፋይል መውጣት አለበት። ለወራት ልትነካው ያልፈለገችው ፋይል ነው። ውስጡ እሱ አለ።

እሱ፣ ማለት ሚሊሜትር።

ስሙን ያወጣለት የትምህርት ቤቱ የሥዕል መምህር ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረን መስመር በዐይኑ ብቻ አይቶ «አንድ ሚሊሜትር ጎድሏል» ስለሚል። እናቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። ለቃለ መጠይቅ የመጣው ኮሌታው ሲያልቅ ተገልብጦ በተሰፋ ሸሚዝ ነበር። አባቷ አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ሰጥተው «ግጠማቸው» አሉት። ልጁ ዳዶውን አንዴ ብቻ አዙሮ አቆመ።

«ጋሼ፣ እነዚህ አይገጥሙም። ጥርሳቸው ይለያያል። ብታገል አበላሻቸዋለሁ።»

አባቷ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «ከሱ በፊት የገቡት ስምንቱም ሲታገሉ ነበር! ይሄ ልጅ የሚሆን ልጅ ነው» አሉ። ባለቁልፏ ስሙን ልትጽፍ ቀና ስትል እሱም እያያት ነበር። ሁለቱም ባንድ ጊዜ አቀረቀሩ።

ሥልጠናው እስኪጀምር በየቀኑ እየመጣ አንድ ምስማር ይገዛ ነበር። «አንዲት ምስማር ምን ታደርግልሃለች?» ብትለው፣ «ነገ ሌላ ትጨመርባታለች» አላት። ከዚያ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ስልኩ ያለው አባቷ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር የሚነጋገሩት በደብዳቤ ነው። የሱ ጽሑፍ ቀጥ ያለ፣ ሥዕል የሚመስል ጽሑፍ ነበር። ስለ ቶርኖ ማሽን ይጽፍላታል፤ ብረት እየተሽከረከረ ሲላጥ እንዴት እንደ ድንች ልጣጭ እንደሚጠቀለል። «ስመረቅ ከአባትሽ ፊት እቆማለሁ። ያኔ ባዶ እጄን አልሆንም» ይላታል። ዐሥር ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ያ ደብዳቤ መጣ። አምስት መስመር ብቻ ነበር።

«ይህን የምጽፈው ልቤ ቆርጦ ነው። እዚህ ሌላ ሕይወት ጀምሬያለሁ። አትጠብቂኝ። ለአንቺ የሚሆን ሰው አባትሽ ያውቃሉ። ደህና ሁኚ።»

ያንገበገባት ቃሉ ብቻ አልነበረም። ጽሑፉ የሱ አልነበረም። ክብ ክብ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሴት እጅ ጽሑፍ ነው። ባለቁልፏ መጋዘን ገብታ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ደግማ ደጋግማ አየችው። «ተጠየፈኝ ማለት ነው» አለች ለራሷ። «በሷ እጅ አስጽፎ ላከልኝ!» በሳምንቱ እናቱ ቤታቸውን ቆልፈው ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸውን ስትሰማ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመላት። አዲሲቷን ምራት ሊያዩ ሄደዋል።

በወሩ የሴራሚክ አስመጪው ልጅ ቀለበት ሲያመጣላት እጇን ዘረጋች። ጥሩ ሰው ነው። እሷም እንደዚያ ብላ አስባ ነበር፤ ጥሩ ሰው ነው።

አሁን ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የማመልከቻው ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ጉርድ ፎቶው። ከሁሉም ኋላ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የማሠልጠኛው ማኅተም አለበት። በፖስታ የመጣ አይደለም፤ በፖስታ ቢመጣ መጀመሪያ የምታየው እሷ ነበረች። ቀኑ ከዚያ ደብዳቤ በአሥራ አንድ ቀን ይቀድማል።

«ሠልጣኙ በቶርኖ ማሽን ላይ በደረሰበት አደጋ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ያጣ በመሆኑ…»

ከዚህ በላይ ማንበብ አቃታት። ከዚያ እንደገና ጀመረች። አሠልጣኙ ልጁ ማሽን ላይ ባይመለስም ዐይኑና ጭንቅላቱ ለልኬትና ለማሽን ሥዕል አሠልጣኝነት እንደሚበቁ፣ ኮሚቴው ድጋፉን እንዲቀጥልለት እንደሚለምኑ ጽፈዋል። ከግርጌው በምታውቀው ቀይ እስክሪብቶ፣ በምታውቀው ፊርማ አንድ ቃል አለ። «ይቋረጥ።»

ሴት፣ ክብ ጽሑፍ፣ ሌላ ሕይወት። የሚጽፍበት እጅ አልነበረውም። እንዴት ብሎ ይጻፍ?

አባቷ ሲገቡ ወረቀቱን ፊታቸው ላይ አኖረችው። መነጽራቸውን አውጥተው አላነበቡትም። ምን እንደሆነ ያውቁታል።

«ማን ነው ያመጣልህ፣ አባዬ?»

«አሠልጣኙ ራሳቸው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንቺ ባንክ ሄደሽ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? ልትሮጪ። የፊትሽን መልክ እኮ አውቀው ነበር፤ ፖስታ ሣጥኑን ከፍተሽ ስትመለሺ ማን የማያውቅ መሰለሽ?» ወረቀቱን ወደ ጎን ገፉት። «ልጁን አልጠላሁትም። ከዘጠኙ እሱን ስመርጥ ልቤ ደስ ብሎት ነው። ግን ለሙያ መረጥኩት እንጂ ለልጄ አልመረጥኩትም። አደጋው ሲደርስበት ደግሞ… በየስብሰባው ስሙ ሊነሳ ነው፣ አንቺም ቃለ ጉባኤ ልትይዢ ነው። ፋይሉ ይዘጋ አልኩ።»

«ፋይሉ አይደለም የተዘጋው» አለች። «ሰው ላይ ነው በር የዘጋኸው።»

ከወገቧ ቁልፎቹን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። ቁልፎቹ ሲቀመጡ ያሰሙት ድምፅ ከማንኛውም ስድብ በላይ አባቷን ቀጣቸው።

አውቶቡሱ አራት ሰዓት ተጓዘ። ማሠልጠኛው ከአንድ የጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ገና ከበሩ የጋለ ብረትና የዘይት ሽታ ተቀበላት። «ሚሊሜትርን ፈልጌ» ብትል አንድ ቱታ የለበሰ ሠልጣኝ «ዕቃ ቤት ነው የሚሠራው፣ በስተግራ» አላት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ግድግዳው በትናንሽ መሳቢያዎች ተሞልቷል፤ በያንዳንዱ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ሞረድ። መሰርሰሪያ። መጋዝ። ባለቁልፏ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ክብ ክብ ያለ፣ ለስላሳ ጽሑፍ። ያ ጽሑፍ።

«ምን ልስጥሽ ልጄ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። መነጽር ያደረጉ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ ሴትዮ ናቸው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ።

«እናቴ… ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ሴትዮዋ መሳቢያዎቹን፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። «አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሦስት ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀምጫለሁ። 'ይሄ ውሸት ነው፣ እኔ አልጽፍም' ብዬዋለሁ። ለመነኝ። የታመመ ሰው ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያጻፈኝ። አደራሽን ልጄ፣ እኔን እንዳትቀየሚኝ።»

በዚህ መሃል እሱ ገባ። በግራ እጁ የብረት ሣጥን አንጠልጥሏል። ቀኙ ቱታው ኪስ ውስጥ ነው። ሲያያት ሣጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አኖረ። ሴትዮዋ ወጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል። ዐይኑ ግን ያው ነው፤ ምን ጎደለ፣ ምን ተረፈ እያለ የሚለካ ዐይን።

«ለምን መጣሽ?»

«እጅህን አሳየኝ።»

«ለምን መጣሽ አልኩሽ እኮ።»

«እጅህን አሳየኝ።»

አወጣው። ጠባሳው ገና ቀይ ነው። አላለቀሰችም። ያንን እጅ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ የሰው ሕፃን እንደሰጧት ያዘችው። እሱ ግን ፊቱን አዞረ።

«ጓንት አድርጌ ነበር» አለ። «ይታይሽ እስቲ። ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም፤ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ማሽኑ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። እኔ ለሌሎቹ ሳስተምር የነበርኩት ሰውዬ! ብርድ ነበር። ለአንዴ ነው አልኩ። ለአንዴ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ምን ልበልሽ? ባዶ እጄን አልመጣም ብዬሽ ነበር። ከባዶም የባሰ ሆኖ ቀረ።» ሊስቅ ሞከረ። «እጅ የሌለው ባለእጅ ምን ያደርግልሻል?»

«እኔ እጅህን ነው እንዴ የወደድኩት?»

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። እኔ ራሴን የወደድኩት በእጄ ነበር።»

ውጭ አንድ ማሽን ተነስቶ ጮኸ፤ ሁለቱም እስኪቆም ጠበቁ። ዝም ሲል እሱ እጁን ከእጇ አወጣና ሲፈራው የነበረውን ነገር ተናገረው።

«አመንሽው።»

«ምን?»

«ደብዳቤውን። እንድታምኚው ብዬ ነው የላክሁት፤ እውነት ነው። ከላክሁት በኋላ ግን እንዳታምኚው ስጸልይ ከረምኩ። 'እሷ ታውቀኛለች፤ ይሄ የሱ ቃል አይደለም ትላለች፤ ትመጣለች፤ ትሰድበኛለች' እያልኩ። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ከአልጋዬ ቀና እል ነበር። አንድ ወር። ከዚያ እናቴ ለቤት ኪራዩ ጉዳይ ደርሳ ስትመለስ ቀለበት ማሰርሽን ነገረችኝ።»

አውቶቡስ ላይ ሳለች አራት ሰዓት ሙሉ አባቷን ስትከስስ፣ እሱን ስትከስስ ነበር የመጣችው። ራሷን ግን አልከሰሰችም። ዐሥር ወር ሙሉ ልቡን ያነበበችለትን ሰው በአምስት መስመር ፈርዳበታለች። አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ አልጻፈችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

«ተናድጄ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የሴት ጽሑፍ ሳይ… ቀናሁ።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን አሳመመኝ።»

«ቀለበቱን እመልሳለሁ። ዛሬውኑ። እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ቤት እንከራያለን፣ እኔ…»

«ስሚኝ» አለ፤ በግራ እጁ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ቀለበቱን መመለስ ያንቺ ጉዳይ ነው። ካልወደድሽው መልሺለት፣ ሰውየውም አይበደል። ለኔ ብለሽ ግን አትመልሺ።»

«ለምን?»

«ምክንያቱም አሁን ዐይንሽ ውስጥ ያለው ፍቅር ይሁን ኀዘኔታ መለየት አልችልም። እኔ የሁሉን ነገር ልክ የማውቀው ሰውዬ፣ ይሄን አልችልም። አንቺም አትችዪም። ጠዋት ጠዋት የጫማዬን ክር ስታስሪልኝ ጎንበስ ብለሽ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ፊትሽን እያነበብኩ ልኖር ነው? አንድ ቀን ሲደክምሽ አየዋለሁ። በዚያን ቀን እሞታለሁ።»

«አይደክመኝም።»

«ሂጂ፣ የኔ ዓለም። እባክሽ። ፊትሽ ላለቅስ ነው፣ እንዳታይብኝ።»

ቃሉን አከበረችለት። ሳትዞር ወጣች። በሩ ላይ የቆሙት ሴትዮ እንባቸውን በመነጽራቸው ሥር እየጠረጉ ነበር። ባለቁልፏ አቀፈቻቸው። ማን ማንን እንዳጽናና ግን አንዳቸውም አላወቁም።

እጮኛዋን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አገኘችውና ቀለበቱን መዳፉ ላይ አኖረችለት። አልጮኸም። ኪሱ ውስጥ ከተተውና «ዐይንሽ ሁልጊዜ እኔ ላይ ነበር፤ ግን እኔን አያይም ነበር። ካሁን አሁን ያየኛል ስል ነው የቆየሁት» አለ። ይህን ስትሰማ ከስድብ የባሰ ተሰማት። አንድ ሰው ብቻ አልበደለችም።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው በመደብሩ ጓዳ ተሰበሰበ። የአዲሶቹ አመልካቾች ጉዳይ ከመነሣቱ በፊት ባለቁልፏ ቆማ «ካለፈው ዓመት ያልተነበበ አንድ ደብዳቤ አለ» አለችና የአሠልጣኙን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የመጨረሻዋን ቀይ ቃል ግን አላነበበችም። ለአባቷ ተወችላቸው።

ባለ ዳቦ ቤቱ ጠረጴዛውን መቱ። «እንዴ! ልጁ እኛ የላክነው ቦታ ተጎድቶ እኛው ጣልነው?»

አባቷ ተነሡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዐሥር ዓመት ያረጁ ይመስሉ ነበር። «ኮሚቴው አልጣለውም» አሉ። «እኔ ነኝ። ብቻዬን ወሰንኩ፣ ምክንያቴም የሥራ አልነበረም። ድጋፉ ይመለስለት። ሰብሳቢነቱንም ሌላ ሰው ይያዝ።»

ማንም አልተቃወመም። የልኬትና የማሽን ሥዕል አሠልጣኝነት የሚማርበት ተቋም ያለው ግን በትልቁ ከተማ አይደለም፤ ከዚያም አልፎ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፣ ለሁለት ዓመት። ባለቁልፏ ይህን ቃለ ጉባኤው ላይ ስትጽፍ እጇ ለአፍታ ቆመ። ለሱ የምትከፍትለት በር ከእሷ የሚያርቀው እንደሆነ ያየችው ያኔ ነው። ጻፈችው። ከዚያ «ደብዳቤው በኮሚቴው ስም ይሂድ፤ የኔ ስም እንዳይነሳ» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ አውቶቡሱ ከመደብሩ ትይዩ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። እሱ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን እናቱን ሊሰናበት መጥቶ አድሮ መሄዱ ነው። እናቱ ሻንጣውን አልሰጥም ብለው ራሳቸው ተሸክመዋል። ባለቁልፏ ውስጥ ሆና ለአንድ ሽማግሌ ገመድ እየለካች ነበር፤ አምስት ክንድ ብለዋታል።

በመስኮቱ በኩል መንገዱን ሲያቋርጥ አየችው። ደጁ ላይ ሲሚንቶ ሲያስወርዱ ወደነበሩት አባቷ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ኮሚቴውን አመስግኑልኝ» አለና ግራ እጁን ዘረጋ። አባቷ ግራውን አልተቀበሉም። ቀኙን ፈልገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ምን እንደመለሰላቸው አልሰማችም። አባቷ እየተደናበሩ ገቡ፤ ፊታቸው ርሷል። «ውጪ። ሰላም በይው። እኔው አባትሽ ነኝ የምልሽ፣ ውጪ!»

ባለቁልፏ ገመዱን መሳብ ቀጠለች። «ብወጣ አይሄድም፣ አባዬ።»

«አይሂዳ!»

«ካልሄደ ራሱን አያገኝም። እኔም ባስቀረው የማገኘው እሱን አይደለም።»

አባቷ እንደዚያ ሲቆሙ አይታ አታውቅም። አፋቸው ተከፍቶ፣ እጃቸው ወደ በሩ እንደተዘረጋ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። እሱ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ወደ መደብሩ ዞረ፤ ከውጭ ያለው ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ውስጥ ያለ ሰው እንደማይታየው ታውቃለች። ቢሆንም ፀጉሯን አስተካከለች። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ጭሱን ለቆ ተንቀሳቀሰ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ታጠፈ፣ ጠፋ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው በቀስታ። «ይበቃኛል እኮ።»

ወደ ታች አየች። ገመዱ እግሯ ሥር ተከምሯል፤ ሃያ ይሁን ሠላሳ ክንድ እግዜር ይወቀው።

«ይቅርታ አባቴ፣ አልቆጠርኩትም» አለች።

ሽማግሌው ፊቷን ያላዩ መስለው ጎንበስ አሉና ትርፉን ራሳቸው ይጠቀልሉላት ጀመር። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።